ሳማ ያልለበለበኝ ዓመት

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪዬ ዝም አለ። ከጉባኤ አልቀረም፤ አልተኛም፤ አላለቀሰም። ዝም ብቻ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፍተው መጡና «የኔታ፣ ይህ ልጅ አብሾ ሳይጠጣ አልቀረም» አሉኝ። እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ ቁጣ ትቼ ነበር። ያን ቀን ግን መቋሚያዬን አንስቼ ከደጃፌ አባረርኋቸው። ንዴቴ ሲበርድ አፈርሁና መልሼ ጠራኋቸው፤ አስቀመጥኋቸውና ይህን የምጽፈውን ነገርኋቸው። ከእነሱ ሌላም ሰው ቢሰማው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው አሁን የምጽፈው፤ በተለይ ልጅ የሚያስተምር ሰው።

አብሾ ማለት፣ ለማያውቅ፣ የቅኔ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣ ቅጠል ነው። ልኩን ሳያውቅ የጠጣው ያብዳል ይባላል። ስለዚህ በእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ጠባዩ ከተለወጠ ሌላ ምክንያት የሚፈልግለት የለም። አብሾ ነው፤ አለቀ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ተብያለሁ። ጣልያን አገሩን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው፤ ቡሬ አጠገብ ካለ ገጠር፣ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሳለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ይሁኔ እባላለሁ። ጎጆዬን የምጋራው ወልደ ሰንበት ከሚባል ተማሪ ጋር ነበር። አገርህ የት ነው ሲሉት በጌምድር ይላል። ውሸቱን ነው። የቆሎ ተማሪ አገሩን አይናገርም። ከተናገረ አባቱ ለእርሻ ይፈልገዋል፣ እናቱ አታስችልም፣ መጥተው ከትምህርቱ ይነቅሉታል። ስለዚህ የቤት ስሙን ይተዋል፣ አገሩን ያርቃል። እኔም ያደረግሁት ነው። ደግ ብልሃት ይመስለን ነበር፤ ስንት እናት እንደጎዳ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወልደ ሰንበት እውነቱን ለእኔ ብቻ ነገረኝ። የቤት ስሙ ምኒችል ነው። አገሩም ከእኛ ጉባኤ ቤት የሁለት ቀን መንገድ አይሞላም፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማ፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ነው። እናቱ እመት የሺ ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ከብት ውሃ ላጠጣ ብሎ ወጥቶ፣ ከብቶቹን ለጎረቤት ትቶ፣ በዚያው ቀረ። ይህን ከነገረኝ በኋላ ጭንቅ ያዘውና «ለማንም እንዳትናገር፤ ማልልኝ» አለኝ። ማልሁለት።

ልመና የምንወጣው በተራ ነበር። አንዱ አኮፋዳውን አንግቶ መንደር ለመንደር ሲዞር፣ ሌላው ጎጆ ይቀመጥና ቅኔውን ያዘጋጃል፤ የመጣውን ቁራሽ ሁለቱም ይበሉታል። ያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ነገር ግን የኔታ ፊት የምነግረው ቅኔ አልሞላልኝም፤ ምኒችልን ዛሬን ተካኝ አልሁት። ትናንት የወጣሁ እኔ አይደለሁ እንዴ ብሎ ተነጫነጨ። ነገና ከነገ ወዲያ የኔ ይሁን ብዬ ለመንሁት። ደበሎውን ደረበና ወጣ። እንደ ተነጫነጨ ነው የወጣው።

ረፋድ ላይ አውሮፕላን መጣ። በዚያ ሰሞን ማዶ ያለው ቆላ አርበኛ ገብቶበታል እየተባለ አውሮፕላኑ ይመላለስ ነበርና ለምደነዋል። የዚያን ቀን ግን መንደር ደበደበ። ድምፁ ሲሰማ እኔ የኔታ ፊት ተቀምጬ ነበር። ቅኔዬን ጨርሼ፣ የኔታም «ይበል» ብለውኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልደብቅም፤ የዚያን ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

ምኒችልን ያገኘነው ከቀትር በኋላ ነው፤ እኔና አበጀ። አበጀ የጉባኤ ቤቱ ታላቅ ተማሪ ነው፤ የኔታ ሲደክማቸው እሱ ነው የሚያስተምረን። ምኒችል ከአንድ አጥር ሥር በጎኑ ተኝቶ ነበር። አኮፋዳው ሞልቶ ነበር፤ ደም እንኳ አልነካውም። በቃሬዛ አምጥተን፣ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ከደብራችን ግቢ ቀበርነው። ዘመዱ ማነው ሲባል አበጀ «የበጌምድር ልጅ ነው» አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትሁም። ዘመድ የለውምና ለቅሶም አልተቀመጥንለት።

ማታ ጎጆ ገባሁ። አኮፋዳው ከምሰሶው ተሰቅሎ ነበር። ራበኝ። ከፈትሁትና በላሁ፤ የጤፍ ቁራሽ ነበረበት፣ የዳጉሳ ነበረበት፣ የተቆላ ሽምብራም ነበረበት። ሁሉንም በላሁት። አንዱም ጣዕም አልነበረውም። ጨው የረሱ ይሆናል ብዬ ተኛሁ።

ሕመሜ የጀመረው በዚያ ነው፤ እኔ ግን ሕመም መሆኑን አላወቅሁም። ሕመም ሲያም ነው የማውቀው። ሰው ምንም ሳያመው እንዴት ታመምሁ ይላል? ጧት ተነሥቼ ጉባኤ ሄድሁ። ቅኔ ነገርሁ፤ ተወደደልኝ። ተማሪዎቹ ይሁኔ ጠንካራ ነው አሉ። እኔም ጠንካራ የሆንሁ መሰለኝ። ሲያለቅሱ አያቸዋለሁ፤ ለምን እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ፤ የእኔ ዓይን ግን ደረቅ ነው። አንዳንድ ሌሊት እነቃና እጄን ምኒችል ይተኛበት ወደነበረው እሰዳለሁ፤ መደቡ ቀዝቃዛ ነው፤ እጄን መልሼ እተኛለሁ። አልፈራም ነበር። አለመፍራቴ ነበር በኋላ ያስፈራኝ።

በሦስት ሳምንቱ ግድም ከአበጀ ጋር ውሃ ልንቀዳ ወረድን። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ሳማ ነው፤ ሰው ሁሉ ልብሱን ሰብስቦ፣ እየዘለለ ነው የሚያልፈው። እኔ ዝም ብዬ መሀል ለመሀል ሄድሁ። ስንመለስ አበጀ እግሬን አየና ቆመ። ከጉልበቴ በታች ሁሉ እንደ ሽምብራ አብጦ ቀልቷል። አይለበልብህም ወይ አለኝ። ሲነግረኝ ነው ያየሁት። እግሩ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሌላ ሰው እግር የማይ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ቅኔው ጠፋ። ጠፋ ስል ረሳሁት ማለቴ አይደለም። ቃሉ አለ፣ ቤቱ ግን አይመታም፤ የኔታ ፊት ቁጭ እልና አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ከዚያ ንግግሩም ተከተለ። ሰው ሲጠራኝ እሰማለሁ፤ መመለስ ግን ድንጋይ የማንሣት ያህል ይከብደኛል። ተማሪዎቹ ተንሾካሾኩ። ፊት አእምሮው ስለታም የነበረ አይደል፣ እንዲያ የነበረው በአብሾ ነው፣ አሁን ዞረበት ተባለ። የኔታ ጠሩኝና ልጄ ጠጥተሃል ወይ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ቃል ያስፈልገኛል። «አዎ» ማለት ግን አንድ ቃል ነው። አዎ አልሁ። ሰው ሁሉ ተገላገለ፤ እኔም ጥያቄው ቆመልኝና ተገላገልሁ።

እንግዲህ ላልጠጣሁት ነገር መታከም ጀመርሁ። አብሾ እሳት ነው፣ ይብረድለት ተብሎ ጧት ጧት ወንዝ አወረዱኝ። በኅዳር ብርድ አንገቴ ድረስ ይነክሩኛል። አልንቀጠቀጥም ነበር፤ ለነሱ ይህ የአብሾው ኃይል ነው። እርጎ አጠጡኝ፤ እሱስ ደግ ነበር፣ ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ራሳቸው ጦማቸውን እያደሩ። ይህ አልሆን ሲል አንድ ደብተራ ዘንድ ወሰዱኝ። እሳቸው ደግሞ አብሾ አይደለም፣ ዓይነ ጥላ ነው አሉ። ክታብ ጻፉልኝ፤ ዋጋው የለበስሁት ደበሎ ነበር። አውልቄ ሰጠሁ። ክታቡን አንገቴ ላይ አስሬ፣ ጀርባዬ ባዶውን ተመለስሁ። ብርዱን ያወቅሁት ከንፈርህ ጠቁሯል ሲሉኝ ነው።

ከዚያ ጠበል። ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። ጠበሉ ቦታ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ነበሩ፤ የሚጮሁ፣ ልብሳቸውን የሚቀዱ። እኔን ማንም አላሰረኝም፤ ዝም ያለ በሽተኛ ማንንም አያስቸግርም። ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የሚቀመጡ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ወገባቸውን ይታመማሉ። ከቀሚሳቸው ኪስ ቆሎ እያወጡ እጄ ላይ ያኖሩልኛል፤ ብላ አይሉኝም፣ ጸልይ አይሉኝም። ስድስት ቀን እንዲሁ አብረን ዝም አልን። በሰባተኛው ቀን ልነሣ ስል ወደ እኔ ዞር አሉና «ልጄ፣ ማንን ነው የቀበርኸው?» አሉኝ።

እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን ጠጣህ፣ ምን በላህ፣ ማን አየህ እያለ ነበር። ማንን ቀበርህ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አልመለስሁላቸውም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ተመለሰ። ተማሪ ለምታስተምሩ ሁሉ የማቀብላችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህ የእማሆይ ጥያቄ ነው፤ ሌላውን ብትረሱት አይከፋኝም።

አበጀ ግን አላረፈም። ቡሬ ከተማ ጣልያኖቹ ከምሽጋቸው አጠገብ ሐኪም ቤት ከፍተው ነበር። እዚያ የታየ ሰው ባንዳ ይባላል፤ ሲመለስ ሰላምታ የሚነፍገው ብዙ ነው። አበጀ ይበሉኝ ብሎ ወሰደኝ። ከጧት እስከ ቀትር ግድግዳ ተደግፈን ጠበቅን። ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ነበሩ፤ እግሩ የተጠቀለለ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ነበር፤ አንድ ሰውዬ ደግሞ ሰው እንዳያውቃቸው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ሳቅ የሚያመልጠኝ ሰው ብሆን ኖሮ የዚያን ቀን እስቅ ነበር።

ስገባ ሐኪሙ ጉልበቴን መታ፣ ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ውስጥ እግሬን በመርፌ ወጋ። አስተርጓሚው ጠና ያለ ሰው ነው፤ ምንህን ነው የሚያምህ አለኝ።

«ምንም አያመኝም» አልሁ።

«ምንም ካላመመህ ለምን መጣህ?»

አሁን ቢሆን እመልሳለሁ፤ በሽታዬ እሱ ነው እለው ነበር። ያን ጊዜ አላወቅሁትም። ሐኪሙ ወባ ይሆናል ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒን እንዴት እንደሚመር የዋጠው ያውቀዋል፤ ሰው በውሃ አጣድፎ ነው የሚውጠው። እኔ እዚያው ፊታቸው አኘክሁት፣ ቆርጠም ቆርጠም አድርጌ። አስተርጓሚው አፉን ይዞ አየኝ። ሐኪሙም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ሌላ በሽተኛ ጠሩ።

ኪኒኑ ጆሮዬን ከማስጮህ በቀር ያደረገልኝ የለም። በዚህ መሀል ግን ወሬው እኛን ቀድሞ መንደር ገብቶ ነበር። የኔታ ተማሪዎቹን መርዝ ያጠጣሉ፣ አንዱ አብዶበታል፣ እሱ ራሱ ጠጣሁ ብሏል ተባለ። ሴቶቹ በር መዝጋት ጀመሩ። ጊዜው ራሱ የችግር ነው፤ እህሉ ተቃጥሏል፣ ከብቱ ተነድቷል፤ ሰጪ ሰበብ ሲያገኝ ምን ይደረግ። ተማሪዎቹ ጧት የወጡበትን አኮፋዳ ማታ ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። ሁለቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። የኔታ ዘወትር ከሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ሲሄዱ አዩ፤ አልጠሯቸውም። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በእኔ አንድ ቃል ጉባኤያቸው ሊበተን ነው።

ይህን ሁሉ አያለሁ። ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ። ልቤን ብዳስሰው ምንም የለበትም።

አንድ ቀን አበጀ ጎጆዬ ገባና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ፊቱ ከስቷል። ጠጥተሃል ወይስ አልጠጣህም አለኝ። አልጠጣሁም አልሁት። ታዲያ ለምን ጠጣሁ አልህ አለኝ። ዝም እንዲሉኝ ነው አልሁት። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም ደግ ነበር። እሱ ግን ከምሰሶው የተሰቀለውን አኮፋዳ አየ። የምኒችል ነው፤ ከቦታው አላነሣሁትም ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ወደ የኔታ ሄደ።

በማግሥቱ የኔታ ጉባኤ አልዘረጉም። የቀረነውን ተማሪዎች ሁሉ ሰበሰቡን። ብራናና ቀለም አስመጥተው ነበር፤ መክፈቻ ያለው ትንሽ ሳጥንም አጠገባቸው ነበር። ስለ አብሾ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለ ራሳቸው ጀመሩ። የቤት ስማቸው ሌላ መሆኑን ነገሩን። አገራቸው ከሚሉት አገር አለመሆኑን ነገሩን። አሥራ ሁለት ዓመት አገራቸውን ሸሽገው ተምረው፣ መምህር ሆነው፣ እናቴን ላስደስት ብለው ሲመለሱ፣ የእናታቸው ተዝካር ከወጣ አራት ዓመቱ ነበር።

«የዚያን ቀን አላለቀስሁም» አሉ የኔታ። «ሦስት ዓመት አላለቀስሁም። ሰው ሁሉ ጨዋ ነው አለኝ። ልጆቼ፣ ወልደ ሰንበትን የቀበርነው እናቱ ሳይሰሙ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ጉባኤ ቤት አገሩን ሸሽጎ የሚታመም፣ አገሩን ሸሽጎ የሚሞት ተማሪ አይኖርም። አንድ በአንድ ኑ። ለእኔ ለብቻዬ ንገሩኝ፤ እጽፋለሁ። ሳጥኑን የምከፍተው አንዳችሁ የቸገረው ቀን ብቻ ነው።»

ተማሪ አንድ በአንድ ገባ። የሚገባው ረጋ ብሎ ነው፤ የሚወጣው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው። አበጀ እንኳ፣ ያ አለት የመሰለ ሰው፣ ዓይኑን እያበሰ ወጣ። እኔ መጨረሻ ገባሁ። የቤት ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ አገሬን ነገርኋቸው። ጻፉ። ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ ሌላስ አሉኝ።

ሌላም አለ፣ ግን ምያለሁ አልኋቸው። ለማን ማልህ አሉኝ።

«ለምኒችል።»

ይህ ስም በዚያ ጉባኤ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። የኔታ ማነው ምኒችል አላሉም። ቀና ብለው አዩኝ፤ ገባቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና ብዕሩን ቀለም ነከሩ። እኔም ነገርኋቸው፤ ምኒችል፣ የእመት የሺ ልጅ፣ ከላህ ማዶ፣ ከብት ላጠጣ ብሎ የወጣ። ተራው የእኔ እንደነበረም ነገርኋቸው። አኮፋዳውን እንደበላሁም ነገርኋቸው። ያን ያህል ቃል ካወጣሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ጽፈው ሲጨርሱ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆዩ። ከዚያ እኒያ ሴት ከብት አጠጥቶ ይመጣል ብለው አሁንም ይጠብቃሉ ማለት ነው፣ አሉ። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ልጃቸውን ደብቄባቸው እንደቆየሁ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተነሣን። የኔታ በተዋሱት በቅሎ፣ እኔና አበጀ በእግር። ከቡሬ መውጫ ላይ የጣልያን ኬላ አለ። በዚያ ጊዜ የቆሎ ተማሪ ለአርበኛ ደብዳቤ ያመላልሳል እየተባለ ስንቱ ታስሯል። አስካሪዎቹ አኮፋዳችንን ዘረገፉት፤ የኔታን ከበቅሎ አወረዷቸው። አለቃቸው ወዴት ትሄዳላችሁ ሲል የተረጎመው ያ የሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ነበር። አየኝ። አወቀኝ። አበጀ መርዶ ልንነግር ነው አለ። አስተርጓሚው ለአለቃው ረዘም አድርጎ የሆነ ነገር ነገረው፤ ምን እንዳለው አላውቅም። ከዚያ እለፉ ተባልን። የኔታ በቅሎ ላይ ሲወጡ እርካቡን የያዘላቸው እሱ ነው፤ ወደ እኔ ዞሮም «ኪኒን የምታኝክ አንተ ነህ፣ እግዜር ይማርህ» አለኝ በቀስታ። ስለዚያ ሰው ሌሎች ሌላ ይላሉ። እኔ የማውቀው ይህን ነው።

በማግሥቱ ወደ ማታ ላህን ተሻግረን ከአጥቢያው ቄስ ቤት አደርን። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን፣ ጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ሰምቶ፣ ባለቤቱ ብቻውን እንዳይሆን። ሽማግሌዎቹ ከእመት የሺ ደጃፍ ተሰበሰቡ። እሳቸው በር ከፍተው ሲወጡ እንስራ አዝለው ነበር። ሰዉን አዩት። የኔታን አዩ። የእኔን አኮፋዳ አዩ። እንስራውን በቀስታ አውርደው ከግድግዳው አስጠጉት፤ እንዳይሰበር ተጠነቀቁ። ቄሱ ነገሯቸው።

ጎረቤቱ ሁሉ ጮኸ። እሳቸው ገና አልጮሁም። ከእናንተ ውስጥ አብሮት የነበረው ማነው አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቀረብሁ።

«በልቶ ነበር?» አሉኝ። «የዚያን ቀን ልጄ በልቶ ነበር የወጣ?»

መንገዱን ሁሉ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ፍትሐቱ ይጠይቁኛል ብዬ መልስ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ይህን አላሰብሁትም።

«አልበላም እመት» አልሁ። «ተራው የእኔ ነበር፤ በእኔ ፈንታ ነው የወጣው። የለመነውንም ማታ እኔ በላሁት።»

የኔታ እጄን ያዙኝ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እመት የሺ ግን ወደ እኔ ቀረቡ።

«እንኳን በላኸው» አሉኝ። «ላንተም ብሎ አይደል የለመነው።»

ከዚያ ነው የጮሁት። እኔን ግን በቀኝ እጃቸው ይዘውኝ ነበር፤ ሲቀመጡም አልለቀቁኝም። ከቤተ ዘመድ ጋር፣ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ሲመጣ ለእሳቸው ያለውን ለእኔም ይላል፤ እግዜር ያጥናህ ይለኛል፤ ያላወቀኝም ወንድሙ ነው ብሎ ያልፋል።

የዚያን ቀን አላለቀስሁም። በማግሥቱም። አንድ ጧት ዳንሁ ብዬ ብዋሻችሁ አንባቢዬን ማታለል ነው፤ ቅኔ በወጉ የተመለሰልኝ ከዓመት በኋላ ነው፤ ቡሬ ዙሪያ ያሉት በሮችም የተከፈቱልን ቀስ በቀስ፣ እኔ ራሴ ቤት ለቤት እየዞርሁ አልጠጣሁም፣ ዋሽቼ ነው እያልሁ ነው። ያ ብራና ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ የኔታ ሲያርፉ ሳጥኑን ለአበጀ፣ አበጀም ለእኔ ትቶልኛል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከቅኔው በፊት አገሩን እጽፋለሁ። የመዳኔ መጀመሪያ የሆነው ግን በሦስተኛው የለቅሶ ቀን ነው፤ እሱን ልንገራችሁና ላብቃ።

ለለቅሶ ደራሹ ውሃ አለቀና እኔና አበጀ እንስራ ይዘን ወንዝ ወረድን። መንገዱ ጠባብ ነው። አበጀ ፊት ፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ። እንደ ልማዴ ዝም ብዬ እሄድ ነበር። ድንገት እግሬን የሆነ ነገር ያዘው። ቆምሁ። እንስራውን አስቀመጥሁና ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሳማ ነው።

«አበጀ» አልሁት። «ለበለበኝ።»

አበጀ ዞረ። የያዘውን እንስራ መሬት ላይ አኖረና እየሮጠ መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ። «የት ላይ?» አለኝ። ቁርጭምጭሚቴን አሳየሁት። እፍ አለበት፣ ለሕፃን እንደሚደረገው። ያቃጥለኝ ነበር፤ እንዴት እንዳቃጠለኝ። ያን ጊዜ ነው ምኒችል ያን ጧት እየተነጫነጨ ሲወጣ ጀርባው የታየኝ፤ ከመንገዱ መሀል ቁጭ ብዬም ያለቀስሁት።